ከግቢያችን የሚወጣው ፍሳሽና የሕግ ምክር
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎችና ለነጋዴዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ጉዳያችን ፍሳሽ ነው። ደስ የሚል ርዕስ እንዳልሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ የከተማው አስተዳደር ስለ ወንዞች ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180/2017 ካወጣ ወዲህ፣ ፍሳሽ ለቀው በመቶ ሺህ ብር የሚቆጠር ቅጣት የተጣለባቸው ድርጅቶች ወሬ በየጊዜው ስለሚሰማ፣ ሳይደርስብን እንነጋገርበት ብለናል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። በደጃችን የሚያልፈው ቦይና ቱቦ ሁሉ አንድ ይመስለናል፤ አይደለም። የዝናብ ውሃ መውረጃው ሌላ፣ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የዘረጋው የፍሳሽ መስመር ሌላ ነው። በፍሳሽ መስመር የሚሄደው እንደ ቃሊቲው ወዳለ ማጣሪያ ይወርዳል። በዝናብ ቦይ የገባው የጋራዥ ዘይት፣ የልብስ ማጠቢያ ውሃ፣ የምግብ ቤት እጣቢ ግን ማንም ሳያጣራው ወንዝ ይገባል፤ በአቃቂ አድርጎም አባ ሳሙኤል ይደርሳል። በመንገዱ ላይ በዚሁ ውሃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል። ተመራማሪዎች በአቃቂ ዳር ከበቀለ አትክልት ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ያ ጎመን ታጥቦ የሚመጣው ወዴት ነው? ወደኛው ድስት ነው እኮ።

«ትልልቁ ፋብሪካ እያለ እኛን ምን ፈለጉን?» የሚል አይጠፋም። ቅሬታው መሠረት የለውም አንልም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የ5 ዓመት ፋታ ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ትልቅ ትንሽ ብሎ አይለይም። የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ጉዳቱ ካስፈራ ሥራውን እስከ መዝጋት ወይም ቦታ እስከ ማስለወጥ ይደርሳል። ተቆጣጣሪውም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል። ስለዚህ «ማን አስገባህ» ብሎ በር ላይ መጣላት ዋጋ የለውም።

የኛ ሰው ጠበቃ የሚፈልገው ቤቱ ከታሸገ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ያለፈ ሊሆን ይችላል። ምክሩ የሚጠቅመው አስቀድሞ ነው፤ የሥራው ዓይነት የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ወይም የፍሳሽ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ የሚነግረን፣ ማመልከቻውን የሚያረቅልን ያን ጊዜ ነው። በተለይ አራትና አምስት ተከራይ በአንድ ቱቦ በሚጠቀምበት ግቢ፣ ማን ምን እንደሚለቅና ማን እንደሚያስጠርግ በጽሑፍ ካልተዋዋሉ ጣጣው የሁሉም ይሆናል። የመጣጭ መኪና ደረሰኝ፣ የተቃጠለ ዘይት ያስረከባችሁበት ወረቀት አይጣል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የጻፈውን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ቅጂውንም ጠይቁ።

«ለጠበቃ የሚከፈል ከየት ይመጣል?» ለሚል፣ ጠበቆች አቅም ለሌለው ሰው ያለክፍያ የማገልገል የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አቅም ያለን ደግሞ ግቢ ለግቢ አዋጥተን አንድ ጠበቃ ብንይዝ ለየብቻ ከመሮጥ ይቀላል።

ነዋሪውም ቢሆን ዝም እንዲል አልተፈረደበትም። በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ የተባለው ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሶ ነበር፤ ክሱ ባይሳካለትም። እኛ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን ከመክሰሱ በፊት በሽማግሌ ቢነጋገር እንመርጣለን።

እንግዲህ ከየግቢው አንድ ሰው እንዲመረጥ እንጠይቃለን። የተመረጠው ሰው የግቢው ቱቦ የት እንደሚገባ አይቶ፣ ያሉትን የሥራ ዓይነቶች መዝግቦ ለኮሚቴው ያምጣ። ጠበቃ ዘንድ ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠየቀው ይህንኑ ነው።