ስለ ሰውነታችን ሦስት ጥያቄዎች

(በገበሬዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፥ ሻኛውን ትዳስሳላችሁ፥ አረማመዱን ትመለከታላችሁ። ከብትን ጠንቅቆ ማወቅ የገበሬ ሙያ ነውና። ስለ ገዛ ሰውነታችንስ ምን ያህል እናውቃለን? ዛሬ ሦስት ጥያቄዎች አቀርብላችኋለሁ፤ እኔ ከመናገሬ በፊት እያንዳንዳችሁ በልባችሁ መልሱ።

አንደኛ ጥያቄ። ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው የሚጠጣውን እንቀንስለት ወይስ እንጨምርለት?

ብዙ ሰው «ውሃ ከጠጣ ይብስበታል» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ከሕፃን ገላ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ልጁን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለውም የውሃውና የጨው ከሰውነቱ ማለቅ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፥ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፥ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

መድኃኒቱ ከጤና ኬላ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። እርሱ እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ማንኪያው ልክ በልክ ይሁን እንጂ አይቆለል፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል። ጡትም አይቋረጥበት። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አንጀት ጨውን በደንብ የሚስበው በስኳር ረዳትነት ነው፥ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም በሕንድ አገር በቦንጋኦን የስደተኞች ሠፈር ኮሌራ የያዛቸውን ሰዎች በዚህ ዓይነት ውህድ ቢያክሙ፥ ከመቶ በሽተኞች 30 ያህል ይሞቱ የነበረው ከ4 በታች ወረደ።

ሁለተኛ ጥያቄ። ያበደ ውሻ ሲነክስ መጀመሪያ ምን እናድርግ?

አንዱ ውሻውን ለመግደል ይሮጣል፤ ሌላው ሥር ለመማስ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ «ቁስሉ ትንሽ ነው» ብሎ ይተወዋል። ትክክለኛው መልስ ሳሙናና ውሃ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። የበሽታው ተሐዋሲ በነርቭ ሥር እየተጓዘ ወደ አንጎል የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ነው። ክትባቱ የሚቀድመው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ሕመሙ ከታየና በሽተኛው ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ክትባቱን ጀምሮ ማቋረጥ አይገባም፤ ውሻንም አስቀድሞ ማስከተብ ይገባል።

ሦስተኛ ጥያቄ። ትናንት ሲያርስ የዋለ በሬ ዛሬ ሞቶ ቢገኝ፥ ካፍንጫውም የማይረጋ ጥቁር ደም ቢፈስ፥ ሥጋው ይበላልን?

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው። የበሬው ዋጋ የዓመት ድካም ነው፤ ጎረቤትም ለባለቤቱ አዝኖ ቅርጫ ሊገባለት ይፈልጋል። ነገር ግን በሽታው አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና አይታረድ፥ አይገፈፍ፥ አይበላ። ሬሳው ሲከፈት ተሐዋሲው አየር አግኝቶ ጠንካራ ዘር ያበጃል፤ ይህም ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥር ዓመታት ይቆያል። ሥጋውን መቀቀል መተማመኛ አይሆንም። ለእንስሳት ጤና ሠራተኛ አስታውቁ፤ በእርሱ ምክር ሬሳው ይቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ሬሳውን የነካ ሰው ቆዳው ላይ መካከሉ የጠቆረ ቁስል ቢያይ ሳይውል ሳያድር ይታከም፤ በጊዜው ከታከመ ይድናል።

እንግዲህ ጨውና ስኳር፥ ሳሙና፥ አካፋ፤ ሦስቱም መልሶች በየቤታችን አሉ። ዕውቀቱ ግን በአባወራው ልብ ብቻ ተቀምጦ አይጠቅምም፤ ልጁ ሲታመም አባት እርሻ ላይ፥ ውሻ ሲነክስ እረኛው ከሜዳ ሊሆን ይችላልና። ዛሬ ማታ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለባለቤቶቻችሁና ለልጆቻችሁ አቅርቡላቸው፤ የተሳሳተውንም አርሙ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።