ጽናትም አስተማሪ ይፈልጋል

የዛሬው ዝግጅታችን ሙያ በመማር ላይ ስላሉ ወጣቶች ነው። በአዲስ አበባ ከሳሪስ አቦ ቁልቁል ወርዶ ቃሊቲን አልፎ እስከ አቃቂ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ እስከ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ ያለው ሰፈር የሥራ ሰፈር ነው። አቃቂ ከድሮው የጅቡቲ ባቡር ጊዜ ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ሲመረትበትና ብረት ሲቀልጥበት የኖረ አካባቢ ነው። ዛሬም አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረትን የመሰለ የመለዋወጫ ፋብሪካ አለበት፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው እዚሁ አካባቢ ነው። በእነዚህ ትልልቅ ተቋማት መካከል ደግሞ የብየዳ ቤቱ፣ የቶርኖ ቤቱ፣ ጋራዡና የእንጨት ሥራው በየመንገዱ ተደርድሯል። እዚህ ሰፈር ሙያ ሊለምዱ ከሚገቡ ወጣቶች አንዱ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ይቀራል፤ ሌላው ዓመት ቆይቶ ባለሙያ ይሆናል። ምክንያቱን ብንጠይቅ የምንሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ያኛው ጽናት የለውም»። እኔ ዛሬ ይህ መልስ ግማሽ እውነት መሆኑን ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። ጽናት ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ስንቅ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ጽናት የሚበቅለው ሥራው ላይ፣ አጠገቡ ቆሞ ከሚያርመው ሰው ነው።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበን ከቁጥር እንነሳ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ወጣት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላገኘም ማለት ነው። ለእነዚህ ልጆች ቴክኒክና ሙያ ዋናው በር ነው። በዚህ በር የገባ ሠልጣኝ የሚማረው የትብብር ሥልጠና በምንለው አሠራር ነው፤ ከጊዜው 30 በመቶውን በኮሌጅ፣ 70 በመቶውን በድርጅት ውስጥ ያሳልፋል፤ በመጨረሻም ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ ብቃቱን ያረጋግጣል። አሳቡ መልካም ነው፤ ብረት የሚለመደው ብረት ባለበት ነውና። ቀመሩ ግን የሚቆጥረው ሰዓትን ነው። በዚያ 70 በመቶ ውስጥ ልጁ ከማን አጠገብ እንደሚቆም አይነግረንም። ሥልጠናው የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

እስቲ አንድ ጀማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ብየዳ ሲይዝ ምን እንደሚገጥመው ቀረብ ብለን እንይ። ማስኩን ሲያወርድ ዓለም ይጨልምበታል። ኤሌክትሮዱን ወደ ብረቱ ሲያስጠጋ ወይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይለዋል፣ ወይ ርቆ እሳቱ ይጠፋበታል። እንደ ምንም ሲያቀጣጥለው ደግሞ ዓይኑ ወደ ደማቁ ብርሃን ይሄዳል። ማየት ያለበት ግን ከብርሃኑ ሥር እንደ ትንሽ ኩሬ የሚከተለውን የቀለጠ ብረት ነው፤ ብየዳው መያዙንና አለመያዙን የሚናገረው ያ ኩሬ ነው። ይህን በራሱ ሊያውቀው አይችልም፤ ዓይን በተፈጥሮው ወደ ብርሃን ይሳባልና። ነባሩ ባለሙያ ጀርባውን አዙሮ ሌላ ሥራ እየሠራ እንኳ የልጁን ስህተት በጆሮው ይለያል። ርቀቱና ፍጥነቱ ሲስተካከል ድምፁ እንደ ቁሌት ነው፤ ሽንኩርት በጋለ ዘይት ላይ እንደሚያሰማው ያለ ወጥ ድምፅ። ኤሌክትሮዱ ሲርቅ ድምፁ ይለወጣል፣ ፍንጣሪውም ይበዛል። በዚያች ቅጽበት «አስጠጋ፤ ብርሃኑን ተወው፣ የቀለጠውን እይ» የሚል አንድ ቃል ልጁ ለብቻው ሲታገል ይባክን የነበረውን ብዙ ቀን ያተርፍለታል። ያ ቃል ከሌለ ላሜራውን ደጋግሞ ይበሳዋል፣ ይሰደባል፣ «ይህ ሙያ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይደመድማል። እኛ ጽናት አጣ የምንለው ይህን ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያጣው አራሚ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ቅኔ ቤቶቻችን ይህን ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ በጽናቱ ይመሰገናል፤ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፣ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። ነገር ግን ያን ጽናት የተሸከመውን ሥርዓት እንመልከት። ጀማሪው መጀመሪያ የሚሰጠው ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ቀርቦ ይነግራል፤ የተሳሳተው እዚያው ይታረምለታል። መምህሩ ሁሉን መስማት ስለማይችሉም ከተማሪዎቹ የበሰለው አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ይሰማል። እንግዲህ እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ በልክ የተቆረሰ ሥራ፣ ሳይውል ሳያድር የሚመጣ እርማት፣ እና ከጀማሪው አንድ ሁለት ደረጃ ብቻ የቀደመ ሰው። ረሃቡንና ብርዱን የሚያስችለው ነገ ዛሬ ካለሁበት አንድ ደረጃ ከፍ እላለሁ የሚለው እምነት ነው። ያ እምነት ደግሞ በባዶ ሜዳ አይመጣም፤ ትናንት የተሳሳትኩት ዛሬ ተቃና ከሚል ማስረጃ ነው።

ከአገራችን ውጭም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ዣን ሌቭ የተባለች አሜሪካዊት የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በላይቤሪያ የልብስ ሰፊዎችን ለማጅ ልጆች ተከታትላ ነበር። ያስተዋለችው ነገር ብልህነት ያለበት ነው። ልብስ ሲሠራ መጀመሪያ ጨርቁ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ጠርዙ ታጥፎ ቁልፉ ይተከላል። ልጆቹ የሚማሩት ግን ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ ከቁልፍና ከጠርዝ ይጀምራሉ፣ ስፌቱን ያስከትላሉ፣ መቁረጡን በመጨረሻ ይነካሉ። ምክንያቱም ያለ ቦታው የተተከለ ቁልፍ ይነቀላል፤ ያለ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ግን ኪሳራ ነው። በዚህ ዓይነት ልጁ ከመጀመሪያው ቀን እውነተኛ ሥራ ይሠራል፤ ስህተቱ ማንንም አይጎዳም፤ ሙሉ ልብሱ ምን እንደሚመስልም ሁልጊዜ ዓይኑ ሥር ነው። የቃሊቲ ብየዳ ቤትም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ጀማሪው ቅርፊት በማንሳትና ብየዳ በማለስለስ ሲጀምር የጥሩና የመጥፎ ብየዳን ልዩነት በእጁ ይዳስሳል፤ ግን ለምን እንደሚዳስሰው የሚነግረው ሰው ካለ ብቻ ነው። ሰው ከሌለ ያው ሥራ ተራ ጉልበት ሆኖ ይቀራል።

ከጎረቤታችን ከኬንያ የመጣ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በናይሮቢ ዳርቻ በዳንዶራ በአነስተኛ ንግድ የተሰማሩ ወጣት ሴቶችን በዕጣ ከፋፍሎ ተመለከተ። ከፊሎቹ በክፍል ውስጥ የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ከፊሎቹ በዚያው ሰፈር ሠርተው ከተሳካላቸው ነባር ነጋዴ ሴቶች ጋር ተጣመሩ፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። የክፍሉ ሥልጠና ትርፋቸውን አልለወጠም። ከነባሮቹ ጋር የተጣመሩት ግን ትርፋቸው በአማካይ 20 በመቶ አደገ። ከነባሮቹ ያገኙት ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነበር፤ ዕቃውን በርካሽ የሚሸጠው የትኛው አቅራቢ እንደሆነ የመሰለ የሰፈር እውቀት። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ መገናኘታቸው ሲቋረጥ ጥቅሙ እየደበዘዘ ሄደ። አንዳንዱ ይህን ይዞ «እንግዲያው ነገሩ ዘላቂ አይደለም» ሊል ይችላል። እኔ የምረዳው ለአንድ ሰሞን ብቻ መጎብኘት እንደማይበቃ ነው። ችግኝ ሥር ሳይሰድ ውኃ ቢቋረጥበት ቢደርቅ፣ ጥፋቱ የውኃው አይደለም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው «እኛ ማን አስተምሮን ነው? ራሳችን ተጣጥረን ነው የደረስነው፤ ልጁ ከፈለገ ይጸናል» የሚለው ነው። የግል ጥረትን አልክድም፤ ለሰነፍ የሚጸናለት ሰው የለም። ነገር ግን ጽናት የሚለካው ከተሸከመው ነገር ጋር ነው። በአገራችን በ5 ድርጅቶች ለፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ሥራውን ከጀመሩት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላዩ ደግሞ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ጽናት የለውም ማለት ይቻላል? ጥናቱ ያገኘው ክፍያው ውጭ ሠርተው ከሚያገኙት ያልተሻለ መሆኑን፣ ሥራውም ጤናቸውን የሚጎዳ መሆኑን ነው። ጥናቱ ስለ ሙያ ልምምድ አይደለም፤ ግን መልቀቅን በባሕርይ ጉድለት ብቻ መተርጎም ስህተት መሆኑን በግልጽ ያሳየናል። ሰው ወደ ፊት የሚያደርሰው መንገድ ካልታየው ይለቃል። መንገዱን የሚያሳየው ደግሞ ቀድሞት የሄደ ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፤ «ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ አለ፤ ቶርኖውም ብየዳውም በዩቲዩብ ይታያል»። እውነት ነው፤ ቪዲዮ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በተለይ መሣሪያው በአካባቢው ለሌለ ልጅ። ሠልጣኞች ከሥራ በፊት ቢመለከቱት ይጠቅማቸዋል። ይሁን እንጂ ልጁ ቪዲዮውን ያየዋል እንጂ ቪዲዮው ልጁን አያየውም። ክርኑ መንጠልጠሉን፣ ትንፋሹን መያዙን፣ ኤሌክትሮዱ መራቁን አይነግረውም። ትክክለኛውን ማሳየትና ያንተን ስህተት መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እጅ የሚቃናው በሁለተኛው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወርክሾፕ ባለቤቶች የሚመጣ ነውና በክብር ልንሰማው ይገባል። «ሠራተኛዬ ልጅ ሲያስተምር የደንበኛ ሥራ ይቆማል፤ ኤሌክትሮዱም ብረቱም በገንዘብ ነው፤ ልጁ ሲበቃ ደግሞ ማዶ ያለው ወርክሾፕ ጥቂት ብር ጨምሮ ይወስድብኛል» ይላሉ። ይህ ሐቅ ነው፤ በምክር ብቻ አይመለስም። አንዱ መፍትሔ የላይቤሪያ ሰፊዎች ብልሃት ነው፤ ልጁን ስህተቱ በማያከስር፣ ግን ለቤቱ በሚጠቅም ሥራ ማስጀመር። ሁለተኛው አንድ ባለሙያ ላይ ብዙ ልጅ አለመጫን ነው፤ በአንድ ሰው ሥር አሥር ሠልጣኝ ማቆም የማንንም እጅ አያቃናም። ሦስተኛው ደግሞ ማስተማርን እንደ ሥራ ቆጥሮ መክፈል ነው። የማስተማር ዋጋ በአንድ ባለቤት ላይ ወድቆ ጥቅሙን ሰፈሩ ሁሉ የሚካፈል ከሆነ፣ ወጪውንም ሰፈሩ፣ ኮሌጁና መንግሥት ሊካፈሉት ይገባል። ሙያ ያስያዘ ሰው የምስክር ወረቀት፣ የደረጃ እድገት ወይም አበል ቢያገኝ ለአገር ወጪ ሳይሆን ዘር ነው።

አራተኛው ስጋት ከሁሉም ይከብዳል። ነባር ባለሙያ ሁልጊዜ ጥሩ አስተማሪ አይደለም። ማስክ ሳያደርግ የሚበይድ ሰው ያለ ማስክ መበየድን ያስተምራል፤ የተሳሳተ ልማድም ከእጅ ወደ እጅ ይወረሳል። ሠልጣኙን ሻይ አምጪና ጠራጊ አድርጎ ወራት የሚያሳልፍም አለ። ስለዚህ ኮሌጁና ሲኦሲው ያስፈልጋሉ፤ 30 በመቶው 70 በመቶውን የሚፈትሽ ሚዛን ነው። የኮሌጅ መምህሩ ፊርማ ሊሰበስብ ሳይሆን የልጁን ብየዳ ዓይቶ ሊጠይቅ ቢመጣ፣ ነባሩ ባለሙያም ስለ አደጋ መከላከልና ስለ አስተማሪነት አጭር ሥልጠና ቢያገኝ፣ ብዙው ይቃናል። ሴት ሠልጣኞችን በተመለከተማ ይህ ክትትል ግዴታ ነው፤ ወንድ በበዛበት ወርክሾፕ ውስጥ ብቻዋን የምትገባ ልጅ ማን እንደሚያስተምራትና ችግር ቢገጥማት ለማን እንደምትናገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ልጃችሁን ወደ ልምምድ የምትልኩ ወላጆች «የት ተመደብክ?» ብላችሁ አታብቁ፤ «ከማን አጠገብ ነው የምትሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠልጣኞች፣ ደብተር ያዙ፤ በየቀኑ የተሳሳታችሁትንና የታረማችሁበትን አንድ ነገር ጻፉ፤ ከወር በኋላ ስታነቡት እድገታችሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ መጠየቅም አትፈሩ። ባለሙያዎች፣ ልጁ ሲሳሳት ከእጁ ነጥቃችሁ አትሥሩለት፤ ቃሉን ስጡትና እሱ ይድገመው። የዚህ ሁሉ ግብ ልጁ እናንተን ሳይፈልግ እንዲሠራ ነው። አንድ ቀን ማስኩን አውርዶ ሲበይድ ድምፁ ከቁሌቱ ሲወጣ እሱ ራሱ ቀድሞ ይሰማል፤ ማንም ሳይናገረው እጁን ያስጠጋል። የእናንተ ጆሮ የእሱ ጆሮ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጽኑ ልጅ ሲባል ብትሰሙ፣ ጽናቱ ውስጥ የእናንተም ድምፅ አለ።