እንዶድና የወንዞቻችን ነገር
(ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሰበካ ጉባኤና የውሃ ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር)



ነጠላን እንደ ወተት የሚያነጣውን የእንዶድ አረፋ የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። ስለ ውሃ ልንመክር ተሰብስበን ከልብስ አጠባ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ የብልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ይኸው የውሃ ቀንድ አውጣ ነውና፣ በውድ ዋጋ ከውጭ የሚገባውን መግደያ ኬሚካል የሚተካ ነገር በየአጥራችን ሥር በቅሎ ተገኘ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት ባካሄዱት ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ እስከ ፋብሪካ ደረሰ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለች ባለ ዛጎል ፍጥረት የኃይል ማመንጫዎችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ እየደፈነች አስቸገረች። ብዙ ጊዜ የምትወገደው በክሎሪን ነበር፤ እንዶድ ቢሞከርባት ግን ገደላት። የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። እናቶቻችን በነጻ ያቆዩት ዕውቀት በባሕር ማዶ ባለቤት ሲያገኝ፣ እኛ እንዶዱን መንጥረን የዱቄት ሳሙና እንሸምታለን። ባለሙያ ነን የምንለውም ብንሆን ችግኝ ስንቆጥር ባሕር ዛፍን እንጂ እንዶድን ቆጥረን አናውቅም።

ይሁንና ተክል ስለሆነ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ሳፖኒን የተባለው አረፋ አውጪ ንጥረ ነገር ዓሣንም ይገድላል፤ የጣና ዳር ሰው በብርብራ ዓሣ እንደሚያጠምድ ታውቃላችሁ። የእንዶድ ብልጫው በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀን ፈርሶ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ዓሣ ባለበት፣ ከብት በሚጠጣበት ወይም ከመጠጥ ምንጭ በላይ አይጨመርም። የመጠጥ ውሃንም ከጀርም አያነጻም፤ ክሎሪን የሚጨመርባቸው ጉድጓዶች ክሎሪናቸው ይቀጥል።

ፍሬው የሚለቀመው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ኃይሉ ያኔ ይበረታል። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሆናችሁ የየቀበሌያችሁን የልብስ ማጠቢያ ቦታዎች መዝግቡልን፤ የትኛው ከምንጭ በላይ፣ የትኛው በታች እንደሆነ ይለይ። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ዙሪያ የቀረውን እንዶድ እስከዚያው አታስመንጥሩት።