ከድንገተኛ ሕክምና ሲወጡ ሊታሰብ የሚገባው
(ለከተማው ነዋሪዎችና ለአስተዳደሩ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

ክቡራን የከተማው ነዋሪዎች፤
ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለ አንዲት አጭር ሰዓት ለመናገር ነው። ይህችውም ሰው በድንገት ታሞ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል ከተኛ በኋላ፣ ሕመሙ ጋብ ብሎለት ወደ ቤቱ እስኪመለስ ያለችው ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ሰው ስለ አኗኗሩ ያስባል፤ ምክርም ይቀበላል። ከበሩ ከወጣ በኋላ ግን ምክሩን ከሕመሙ ጋራ ይረሳዋል።

ይህን የምናገረው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ታላቅ ወንድሜን አንድ ቀን ብርቱ ራስ ምታት ይዞት፣ አፍንጫውም እየደማ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። የደም ግፊቱ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒት ተሰጠው፤ ጨው እንዲቀንስ፣ ሲጋራም እንዲተው ተመከረ። እኛም «ተመስገን፣ ዳነ» ብለን መለስነው፤ ምክሩን የጻፈ፣ ቀጠሮውንም ያስታወሰ ከመካከላችን አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛ ስንወስደው ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት፣ አንደበቱም ተይዞ ነበር። ዛሬ በሕይወት አለ፤ ነገር ግን የሚፈርመው በግራ እጁ ነው።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። አንድ ቀን በመድኃኒት ዝቅ ማለቱ ብቻውን መዳን አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ሐኪም ወይም ነርስ ስለ መጠጥ፣ ስለ ትምባሆና ስለ ጫት ሲጠይቀን እውነቱን እንናገር። ጠያቂው መካሪ እንጂ ዳኛ አይደለም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና።

ሁለተኛ፣ በሽተኛው ሁሉን ባንድ ቀን እለውጣለሁ ከማለት ይልቅ የሚቻለውን አንድ ነገር ራሱ ይምረጥ፤ አስታማሚውም ይጻፍለት። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ የገባው ጭምር ይቈጠራል። ሲጋራ የተወም ሰው ከ1 ዓመት በኋላ በልብ ሕመም የመያዝ አደጋው ከሚያጨሰው ሰው ወደ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ሐኪሙ ከፈቀደለት ደግሞ በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ በእግሩ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ቀጠሮ ይከበር። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጥ፤ ግፊቱንም በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ያስለካ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ወደ ቤቱ ሲመጡ የተጻፈውን ምክር ያሳያቸው።

ለእኛም ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ ቃል አለኝ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ውስጥ ትምባሆ ማጨስን ከልክሏል። ሕጉን ለሕዝብ የምናስረዳ እኛ በቢሮአችን ሲጋራ ብንለኩስ ምክራችንን ማን ይሰማል? ለሕክምና ቀጠሮ ፈቃድ የሚለምን ሠራተኛንም ፊት አንንሣው።

ወገኖቼ ሆይ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉ አባቶቻችን እውነት ተናገሩ። ወንድሜ ሐኪም አላጣም፤ መድኃኒትም አላጣም፤ ያጣው ምክሩን ይዞለት ወደ ቤት የሚገባ ሰው ነው። ስለዚህ በሽተኛ ይዛችሁ ከሐኪም ቤት ስትወጡ ከመድኃኒቱ ጋራ ምክሩንም ይዛችሁ ውጡ።