መብራት ሲሄድ ትምህርቱ አብሮ እንዳይሄድ



የቦረና ልጅ መሆኔን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ ስለ ኪስ ፕሮጀክተር የማወራው የመካነ ሰላም ዙሪያ ትምህርት ቤቶችን አስቤ ነው። የፕላዝማውን ጊዜ አስታውሱ፤ ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ ስለሚመጣ መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜውም አብሮ ሄደ ማለት ነበር። ታዲያ ምስሉን መምህሩ በኪሱ ይዞት ቢገባስ?

የመሣሪያው ልብ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረባ ላሪ ሆርንቤክ በ1987 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የመስታወት ቺፕ ነው። ባለ 640 በ360ው ቺፕ ላይ 230,400 ጥቃቅን መስታወቶች አሉ። እየተገላበጡ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ይልካሉ፣ ወይም ያርቁታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ኤልኢዲዎች በየተራ ይበራሉ፤ ቀለሙን የሚያዋህደው የራሳችን ዓይን ነው።

ከባዱ ነገር የኃይል አቅርቦቱ ነው። ሲጠፋ መስታወቶቹ ቀድመው ማረፍ አለባቸው፤ ኃይሉ በድንገት እየተቋረጠ ከሄደ የቺፑ ዕድሜ ያጥራል። እኛ አገር ደግሞ መብራት ሲሄድ ማንንም አያስፈቅድም! ስለዚህ ባትሪውን ዋና ምንጭ አደረግኩት። ቮልቴጁ ሲወርድ ሰርኪዩቱ መስታወቶቹን ያሳርፍና ይዘጋል።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። 3.7 ቮልት፣ 2,600 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛሉ። 15 በመቶ ለብክነት ብንተው፣ 6 ዋት የሚበላ መሣሪያ አራት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይሠራል። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ብዙ ሙቀት አይወስድም። የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣውን ሰፋ ማድረግ ግድ ነው። 30 ሉመን ብርሃንም በቀን ግድግዳ አይሞላም። መስኮቱ በጋቢ ተጋርዶ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምስል ቢወጣ ነው፤ ተማሪው በቡድን በቡድን ያየዋል።

መምህራኖቻችን፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት በኮምፒውተር ማስመሰያ ላይ ብቻ አይቅር። ተማሪው ብየዳ ይያዝ፣ ቺፕ ያቃጥል፣ በኦሲሎስኮፕ ፈልጎ ምክንያቱን ያግኝ። ውጭ ያላችሁ ወንድም እህቶቼ ደግሞ፣ ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ለአንድ የሙከራ ቦርድ ቦታ አይጠፋም። ቦረና ያለው የሞባይል ጠጋኝ ባትሪውን መቀየር ይችላል፤ ዲዛይኑን የሚሠራለት ግን ከዚህ ግቢ መውጣት አለበት።