ከባቢሌ እስከ መርሐቤቴ

እሷ፦ የዓለም ከተማን እናት ሆስፒታል የመርሐቤቴ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያሠራው «ሰዎች ለሰዎች» የመጀመሪያ ሥራው ከተፈናቃዮች ጋር እንደነበር ግን ስንቱ ሰምቷል?

እሱ፦ ባቢሌ ላይ! የድርጅቱ መሥራች፣ ተዋናዩ ካርል ሃይንዝ በም፣ በ1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራበ ሰው አንድ ማርክ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። ያንን ይዘው መጥተው ነው የባቢሌን መጠለያ ያዩት።

እሷ፦ እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። እህል አከፋፍለው አልተመለሱም፤ ሰዎቹ ኤረር ሸለቆ ሰፍረው መንደር እንዲመሠርቱ፣ እንዲያርሱ አብረዋቸው ሠሩ። ተፈናቃይ ከስንዴው በላይ የሚናፍቀው የገዛ ማሳውን፣ ጎረቤቱን፣ የልጁን ትምህርት ነው።

እሱ፦ መርሐቤቴ የገቡት ከዚያ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው።

እሷ፦ ዛሬ ተራው የእኛ ነው፣ ወንድሜ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን እዚሁ ዞናችን፣ ደብረ ብርሃን ተጠልለው ዓመታት አሳልፈዋል። የሱዳንን ጦርነት የሸሹትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመተማ በኩል ገብተዋል።

እሱ፦ በጎ ፈቃድ ሲባል ግን ብዙው ሰው የሚታየው አሮጌ ልብስ መስጠት ነው።

እሷ፦ ጊዜውን ይስጥ እንጂ! ጡረታ የወጣ መምህር ትምህርት ያቋረጡትን ያስጠና። ነርሷ በእረፍት ቀኗ እርጉዞችን ትጎብኝ። አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህታችን ለሱዳናዊቷ እናት ሐኪም ቤት ታስተርጉምላት፤ የስደትን ኑሮ ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል?

እሱ፦ ከሁሉ በፊት ግን ተፈናቃዮቹ ራሳቸው ይጠየቁ። የጎደላቸውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።