የቲማቲም ማጣፈጫና የሰቆጣ ማር
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን በሰላጣ ላይ ስለሚፈስ ጣፋጭና ኮምጣጣ የቲማቲም ማጣፈጫ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የሚነካው ጉዳይ ትልቅ ነው። ብዙ ሰው ሰላጣን የጾም ቀን ማሳለፊያ፥ ማጣፈጫውንም ለጌጥ የተጨመረ ትርፍ ነገር አድርጎ ይገምተዋል። እውነቱ ግን እንደዚህ አይደለም።

በጤፍ እንጀራችን ውስጥ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ይገኛል። ነገር ግን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይቀበለውም። በዚያው ማዕድ ላይ እንደ ሎሚና እንደ ቲማቲም ያለ ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር የተበላ እንደ ሆነ ግን አቀባበሉ ይሻሻላል። እንዲሁም ቲማቲምን የሚያቀላው ሊኮፒንና በካሮት ውስጥ ያለው ካሮቲን የሚሟሙት በቅባት እንጂ በውሃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፥ ሰላጣን ቅባት በሌለው ማጣፈጫ የበሉ ሰዎች ከካሮቲኑ ምንም ያህል እንዳላገኙ አሳይቷል። እንግዲህ ሰላጣ ያለ ኮምጣጣና ያለ ቅባት ሲቀርብ፥ ገንዘቡ ወጥቶበት ከጥቅሙ ብዙው ቀረ ማለት ነው።

ይህን ነገር ከዋግ ኽምራ ጋር ማያያዛችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሰቆጣና ጽጽቃ ያሉበት አገር ዝናብ የሚያጥረው፥ ድርቅም ደጋግሞ የጎዳው ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተሰየመው በዚህችው ከተማ ስም ነው። መቀንጨርን የሚያመጣው የእህል ማነስ ብቻ ሳይሆን በማዕድ ላይ የምግቡ ዓይነት ማነስም ጭምር ነው። አንድ ማንኪያ ማጣፈጫ ይህን ችግር ያስወግዳል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በእጃችን ያለውን ምግብ አዋሕዶ መብላት የመፍትሔው አንድ ክፍል ነው።

ያም አገር ባዶ እጁን አይደለም፤ የሰቆጣ ማር ስሙ የታወቀ ነው። በልዩ ልዩ ስፍራ በመስኖ የሚለማው ቲማቲምም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ ብዙውም ሳይሸጥ ይበላሻል። ማጣፈጫው እነዚህን ሁለቱን ያገናኛል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ግማሽ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም በፈላ ውሃ ነክሮ መላጥና ማድቀቅ፤ ከአንድ ትንሽ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ጋር በለዘብተኛ እሳት እስኪወፍር ማብሰል። ከበረደ በኋላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፥ አንድ ማንኪያ ማር፥ ሦስት ማንኪያ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት፥ ጥቂት ጨውና የተፈጨ ሰናፍጭ መጨመር፤ ከዚያም በንጹሕ ጠርሙስ ከድኖ ደኅና አድርጎ መነቅነቅ ነው። ሎሚው በመጨረሻ የሚገባው ቫይታሚን ሲ በእሳት ስለሚቀንስ ነው፤ ሰናፍጩም ዘይቱና ኮምጣጣው ቶሎ እንዳይለያዩ ያግዛል። ሎሚ ከታጣ አቼቶ ጣዕሙን ይተካል፤ ቫይታሚኑን ግን አይተካም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛው፥ ጥሬ ቅጠል በንጹሕ ውሃ በሚገባ ሳይታጠብ አይበላም። ሁለተኛው፥ ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ በሕፃናት ላይ ከባድ መመረዝ ሊያደርስ ይችላልና። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለ ሕፃን ማር ያለበትን ማጣፈጫ ማቅመስ አይገባም።

በየወሩ ደመወዙን ቆጥሮ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው፥ ከውጭ አገር በጠርሙስ ታሽጎ የሚመጣውን ማጣፈጫ ለመግዛት መጨነቅ የለበትም። ሎሚውም ዘይቱም ማሩም ከአገሩ ገበያ ይገኛል። የሚቀረው፥ ቅጠሉ ደርቆ እንዳይቀርብ ጥቂት መድከም ብቻ ነው።